ጉጉት ምን በደለችን?

አስተያየት፤ ከ7ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል

  የዛሬው ሐሳቤ አንዳንዶቻችሁን ሊያስቅ ይችላል። ምክንያቱም የምጽፈው ስለ ጉጉት ነው። አዎ፣ ስለዚያች ማታ ማታ እየጮኸች ስለምታስፈራን ጉጉት። እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ያልተስማማ ሰው ካለ ለሚቀጥለው እትም መልስ ይጻፍ፤ ክበባችን ይቀበላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት በእረፍት ሰዓት ከመጋዘኑ ጀርባ ኳስ ስንጫወት ኳሳችን ጣሪያው ላይ ወጣች። አንድ ልጅ ሊያወርዳት ተንጠላጥሎ ሲወጣ «ጉጉት! ጉጉት!» ብሎ ጮኸ። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ባለው ቀዳዳ ውስጥ ነጭ ፊት ያላት ጉጉት ተቀምጣ ነበር። ከዚያ በኋላ ምን እንደተደረገ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ ነበራችሁበት እኮ። ሁላችንም ድንጋይ አነሳን። እውነቱን ልናገርና እኔም አንስቻለሁ። የኔ ድንጋይ ቆርቆሮውን ብቻ ነው የመታው። የሌላ ልጅ ድንጋይ ግን ክንፏን አገኛት። ሳሩ ላይ ወደቀች፤ አፏን ከፍታ በኃይል እየተነፈሰች አንድ በአንድ አየችን። ደወል ሲደወል ሁላችንም ወደ ክፍል ሮጥን። በማግስቱ ጠዋት እዚያው ሞታ ተገኘች።

እኔ ጉዳዩ አለቀ ብዬ ነበር። ግን የጥበቃ ሠራተኛችን ጋሼ ሌላ ነገር ነገሩን። ማታ ማታ ከኮርኒሱ ውስጥ «ህሽሽሽ» የሚል ድምፅ ይሰማል አሉ። መጀመሪያ እባብ መስሏቸው ነበር። በኋላ በባትሪ ሲያዩ ጫጩቶች ናቸው። ወንዱ ጉጉት ደግሞ ብቻውን ቀርቶ ሌሊቱን ሙሉ አይጥ እያመላለሰ ያበላቸዋል። ይህን ስሰማ ሆዴ ቡጭ አለ። የገደልነው እናት ነበረች ማለት ነው።

በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ጉዳዩን አነሳን። ቲቸር ይቆጡናል ብለን ስንፈራ አልተቆጡንም። «እናንተ ያያችኋት ጉጉት በዓለም ላይ ብዙ ናት። ግን ሁሉም ጉጉት እንደሷ ዕድለኛ አይደለም» አሉንና በጎረቤታችን በኬንያ ስላለች አንዲት ጉጉት ነገሩን። እኔም ከዚያ በኋላ ከቲቸር መጽሐፍ ተውሼ አነበብኩ። ለእናንተም ላካፍላችሁ።

ይህች ጉጉት የሶኮኬ ጉጉት ትባላለች። የምትኖረው በኬንያ የባሕር ዳርቻ፣ ማሊንዲ ከምትባለው ከተማ አጠገብ በሚገኝ አራቡኮ ሶኮኬ በሚባል ደን ውስጥ ነው። ከዚያ ሌላ ደግሞ በታንዛኒያ ውስጥ፣ በኡሳምባራ ተራሮች ግርጌ ባለ ትንሽ ቦታ ትኖራለች። በዓለም ላይ የምትገኝባቸው ቦታዎች በጣም ጥቂት ናቸው። ሳይንቲስቶች ራሳቸው መኖሯን ያወቁት እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። የታንዛኒያዎቹን ደግሞ ያገኟቸው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። እስኪ አስቡት፤ አያቶቻችን ትምህርት ቤት ሲገቡ ይህች ወፍ ስም እንኳ አልነበራትም።

ትንሽነቷን ብታዩ ትገረማላችሁ። ቁመቷ ከ16 እስከ 18 ሳንቲ ሜትር ነው። ባለ 30 ሳንቲ ሜትር ማስመሪያችሁን አውጡና ከግማሹ ትንሽ አለፍ አድርጋችሁ ያዙ፤ ያ ነው ቁመቷ። ክብደቷ 50 ግራም ገደማ ነው፤ ይኸውም አንድ የዶሮ እንቁላል ማለት ነው። አንዷ ግራጫ፣ አንዷ ቡናማ፣ አንዷ ደግሞ ቀላ ያለች ልትሆን ትችላለች። ቀን ቀን ቅጠሉ በተጠጋጋ ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ላይ፣ ብዙ ጊዜም ባልና ሚስት ጎን ለጎን ሆነው ይተኛሉ። ያያቸው ሰው የደረቀ ቅጠል ነው የሚመስለው። ማታ ሲሆን ተነስተው ነፍሳት ያድናሉ። ሰው አትነካም፤ ዶሮ አትሰርቅም፤ እህል አትበላም።

ታዲያ ይህችን ምስኪን ማን አስቸገራት? መልሱ ቀላል ነው፤ ቤቷ እየጠበበ ነው። አራቡኮ ሶኮኬ 420 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። በምሥራቅ አፍሪካ የባሕር ዳርቻ ከቀሩት እንዲህ ዓይነት ደረቅ ደኖች ትልቁ እሱ ነው። ድሮ በዚያ ዳርቻ ሰፊ ደን ነበር፤ አሁን የቀረው ቁርጥራጭ ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ ጉጉቷ በደኑ በሙሉ አትኖርም። የምትመርጠው ቀይ አሸዋማ አፈር ላይ የሚበቅለውን፣ ሳይኖሜትራ የሚባለው ዛፍ የበዛበትን ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ በካርታ ላይ ደኑ ትልቅ ቢመስልም የሷ ቤት ከዚያ ያነሰ ነው።

ከዚያ ክፍል ውስጥ ደግሞ ሰዎች ዛፍ ይሰርቃሉ። ሙሁጉ የሚባል ጠንካራና ጥሩ ሽታ ያለው ዛፍ አለ። ለቱሪስት የሚሸጥ ቅርጻ ቅርጽ ይሠራበታል፤ ለማገዶም ይፈለጋል። ትላልቁ ዛፍ ሲቆረጥ ጥላው ይጠፋል፤ ቀን የሚደበቁበት ቅርንጫፍ ይጠፋል። ትንንሽ ጉጉቶች የሚፈለፍሉት ደግሞ በአሮጌ ዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ነው። ዛሬ የተተከለ ችግኝ ቀዳዳ የለውም። ቀዳዳ እስኪኖረው ድረስ እኛ ሸምግለን እንሞታለን። «አንዱን ቆርጠን ሌላ እንተክላለን» የሚለው ነገር ለጉጉት የማይሠራው ለዚህ ነው።

ባለሙያዎች ማታ ማታ ድምፃቸውን እያዳመጡ ቆጥረዋቸዋል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር) በዚያ ደን ውስጥ 1,000 ጥንድ ገደማ እንደሚኖሩ ተገምቶ ነበር። ከ15 ዓመት በኋላ እንደገና ሲቆጠሩ ወደ 800 ጥንድ ወርደዋል። 800 ጥንድ ማለት 1,600 ጉጉት ነው። የኛ ትምህርት ቤት የጠዋትና የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ አንድ ላይ ቢሰለፍ ከዚያ ይበልጣል እኮ! የዚያ ደን ጉጉቶች በሙሉ አንድ አንድ ተማሪ ትከሻ ላይ ቢያርፉ ጉጉት ያልደረሰው ተማሪ ይተርፋል። ለዚህ ነው የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በቀይ መዝገቡ ላይ ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት ጋር የጻፋት።

አሁን አንዳንዶቻችሁ «ሰው ማገዶ አጥቶ ስለ ወፍ ታወራለህ እንዴ?» ትሉኛላችሁ። ጥያቄው ትክክል ነው። እኔም ቲቸርን ጠይቄያቸዋለሁ። በደኑ ዙሪያ የሚኖሩት ሰዎች ክፉ ስለሆኑ አይደለም ዛፍ የሚቆርጡት። ምሰሶ ያስፈልጋቸዋል፣ ማገዶ ያስፈልጋቸዋል፣ ልጆቻቸውን ማስተማር ይፈልጋሉ። እኛስ ቤት ምጣድ የሚጣደው በምንድን ነው? ስለዚህ «አትቁረጡ» ብሎ መጮኽ ብቻ መልስ አይሆንም።

እዚያ ግን ጥሩ ሐሳብ የመጣለት ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 ኪፔፔዮ የሚባል ሥራ ተጀመረ። ኪፔፔዮ በስዋሂሊ ቢራቢሮ ማለት ነው። የአካባቢው ገበሬዎች የደኑን ቢራቢሮዎች በቤታቸው ያረባሉ። ቢራቢሮ ሊሆን ጥቂት ቀን የቀረውን፣ ገና በሽፋኑ ውስጥ የተጠቀለለውን፣ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ለቢራቢሮ ማሳያ ቤቶች ይልካሉ፤ ገንዘብ ያገኛሉ። ደኑ ከሌለ ቢራቢሮ የለም፣ ቢራቢሮ ከሌለ ገንዘብ የለም። ሌሎች ወጣቶች ደግሞ አስጎብኚ ሆነዋል። ጠዋት ጠዋት ጫካ ገብተው ጉጉቶቹ የተኙበትን ይፈልጋሉ፤ ከሩቅ አገር የመጣ ጎብኚም ለማየት ይከፍላቸዋል። እንግዲህ ያቺ አንድ እንቁላል የምታክል ወፍ ለሰው እንጀራ ሆነች ማለት ነው። ችግሩ ሙሉ በሙሉ አልተፈታም፤ ስርቆቱ አለ። ግን ሰውና ወፍ የግድ ጠላት መሆን እንደሌለባቸው ያሳያል።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። እኛ ጉጉትን የምንጠላው ለማገዶ ብለን አይደለም። ስለምንፈራት ነው። «ጉጉት ቤት ላይ ከጮኸች ሰው ይሞታል» ይባላል። አያቴም እንዲህ ይላሉ፤ እኔም አምን ነበር። አባባ የሞቱት ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ ነው። ያን ሰሞን ጉጉት ጮኻለች፤ እኔ ራሴ ሰምቻለሁ። አያቴ «አላልኳችሁም?» አሉ። እኔም ጉጉቷን ጠላኋት። ምናልባት ድንጋዩን ያነሳሁት ለዚያ ይሆናል።

በኋላ ግን ቁጭ ብዬ አሰብኩ። አባባ ከመሞታቸው በፊት ሰባት ወር ታመው ነበር። ጉጉቷ ደግሞ ከዚያ በፊትም ትጮኽ ነበር፤ አሁንም ትጮኻለች። ዘንድሮ ከመስከረም ጀምሮ ስንት ሌሊት ሰማናት? በሰፈራችን ግን ስንት ሰው ሞተ? ሰው የሞተ ዕለት የጮኸችውን እናስታውሳለን፣ ማንም ያልሞተበትን መቶ ሌሊት እንረሳለን። በዚህ ዓይነትማ ውሻም ይጮኻል፣ አህያም ያናፋል፤ ለምን እነሱን በድንጋይ አንወግርም? «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ» የሚባለው ለኛ ነው። ጉጉት የምትጮኸው ጓደኛዋን ለመጥራትና «ይህ ሰፈር የኔ ነው» ለማለት ነው። ለአያቴ ይህን በቀስታ ነገርኳቸው። «እንጃ ልጄ፣ እኛ ከአባቶቻችን የሰማነው ነው» አሉ። ግን አልተቆጡኝም።

እኛ ብቻ አይደለንም ደግሞ። በዮርዳኖስም ብዙ ገበሬዎች ጉጉትን መጥፎ ዕድል ታመጣለች ብለው ይፈሯት ነበር። ጎረቤታቸው እስራኤል ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ገበሬዎች በማሳቸው ላይ ለጉጉት የእንጨት ሳጥን እየሰቀሉ አይጥ ያስበሏት ነበር። ጉጉቷም ልክ እንደ እኛዋ ነጭ ፊት ያላት ናት። በኋላ የዮርዳኖስ ገበሬዎችም ሥራውን አዩና ሳጥን መስቀል ጀመሩ። ያ የሚፈሩት ወፍ የእርሻ ጠባቂ ሆነላቸው። እነሱ ከቻሉ እኛ የማንችልበት ምክንያት ምንድን ነው?

የኛዋን ጉጉት ሥራ በቁጥር ላሳያችሁ። እንዲህ ዓይነት ጉጉት በአንድ ሌሊት ሦስት ወይም አራት አይጥ ትበላለች። ሦስት ብቻ ነው ብለን እንያዝ። 365 ሲባዛ በ3፣ 1,095 ይሆናል። አንዲት ጉጉት በዓመት ከ1,000 በላይ አይጥ! ጫጩት ሲኖራት ደግሞ ይጨምራል። መጋዘናችን ውስጥ ያለው ምንድን ነው? የምገባ ፕሮግራሙ እህል ነው። ባለፈው ወር አይጥ ጆንያ እየቀደደ ስንት እህል እንደተበላሸ ምግብ የሚሠሩልን እናቶች ሲያማርሩ ሰምተናል። እኛ ግን ያለ ደመወዝ እህላችንን የምትጠብቀውን ገደልን። የራሳችንን ምሳ ነው በድንጋይ የመታነው።

ደግሞ ተአምር የሆነች ፍጥረት ናት እኮ። አንዱ ጆሮዋ ከሌላው ትንሽ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ በድቅድቅ ጨለማ ውስጥ አይጧ የት እንዳለች በድምፅ ብቻ ታውቃለች። የላባዋ ጫፍ ለስላሳ ዘርፍ ስላለው ስትበር ድምፅ አይሰማም። ዓይኖቿን እንደኛ ወዲያና ወዲህ ማዞር ስለማትችል አንገቷን በሙሉ ታዞራለች። «ጭንቅላቷን እንደ ሰይጣን ታዞራለች» የምንለው ነገር ይህ ነው። ሰይጣን አይደለም፤ የዓይኗ አሠራር ነው።

አሁን ዋናው ጉዳይ መጣ። በክረምት የመጋዘኑ ጣሪያ ሊጠገንና ቀዳዳው ሊደፈን ነው ተብሏል። ከዚያ በፊት ደግሞ የአይጥ መርዝ ይደረግ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡን ያቀረቡት ለኛ ምሳ አስበው ነው፤ አመሰግናለሁ። ግን መርዝ የበላ አይጥ ብዙ ጊዜ ወዲያው አይሞትም። እየተንገዳገደ ሲወጣ ለጉጉት ቀላል አደን ይሆናል። ወንዱ ጉጉት ያንን ይዞ ለጫጩቶቹ ያበላል። ያን ጊዜ እናቲቱን በድንጋይ፣ አባትየውንና ልጆቹን በመርዝ ጨረስናቸው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አይጡን ማን ይይዝልናል? በየወሩ መርዝ ልንገዛ ነው? ድመትስ ብትበላው? ትንሽ ልጅስ ቢነካው?

ስለዚህ እኔ የምለው ይህን ነው።

አንደኛ፣ ለተማሪዎች በሙሉ፦ ድንጋያችንን እንጣል። ጉጉት ያየ ልጅ ለክበባችን ወይም ለአካባቢ ጥበቃ ክበብ ይንገር እንጂ ጓደኞቹን ለድንጋይ አይጥራ። በአገራችንም የዱር እንስሳትን የሚጠብቅ ሕግ አለ። የዱር እንስሳ ባለቤት የሌለው ነገር አይደለም።

ሁለተኛ፣ ለርዕሰ መምህራችንና ለወተመህ አባላት፦ በትሕትና እጠይቃለሁ፤ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ድረስ ቀዳዳው አይደፈን። ከተፈለፈሉ ጀምሮ እስኪበሩ ሁለት ወር ገደማ ነው የሚፈጅባቸው። ጣሪያው ሲጠገን ደግሞ በመጋዘኑ ጀርባ ግድግዳ ላይ፣ ከፍ ተደርጎ፣ አንድ የእንጨት ሳጥን ይሰቀልላቸው። ከተሰባበሩት አሮጌ ዴስኮች እንጨት ይገኛል። ሥራውን እኛ እናግዛለን።

ሦስተኛ፣ መርዙ ይቅር። ይልቅ ጆንያዎቹ መሬት ላይ ከሚቀመጡ ከፍ ባለ እንጨት ላይ ይደርደሩ፣ ከግድግዳውም ራቅ ይበሉ፣ የፈሰሰው እህል በየቀኑ ይጠረግ። የጽዳት ተራ አውጡልን፤ የኛ ክፍል ቀዳሚ ይሁን።

አራተኛ፣ ቤታችሁ ስትሄዱ ለአያቶቻችሁ ንገሩ። በክርክር ሳይሆን በትሕትና። የኔ አያት ቀስ በቀስ እየሰሙኝ ነው።

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል። የሶኮኬ ጉጉት ብትጠፋ ምናልባት ከኛ መካከል ማንም አያለቅስም ነበር፤ አናውቃትማ። አሁን ግን አውቀናታል። እሷን ከዚህ ሆነን ማዳን አንችልም፤ የዚያ ደን ነገር በዋናነት የኬንያ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ሥራ ነው። የኛ ድርሻ ኮርኒሳችን ውስጥ ነው ያለው። የኛዋ ጉጉት ዛሬ ብዙ ናት። የሶኮኬዎቹም ድሮ ደኑ ሰፊ ሳለ ከዛሬው ይበዙ ነበር። ብርቅ እስክትሆን መጠበቅ አለብን?

ትናንት ማታ ከጋሼ ጋር ከአጥሩ ውጭ ቆሜ አየሁት፤ አባቴ ፈቅዶልኝ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ወንዱ ምንም ድምፅ ሳያሰማ በራሳችን ላይ አልፎ ገባ። አፉ ላይ አይጥ ነበረች። ወዲያው ኮርኒሱ ውስጥ «ህሽሽሽ» ተባለ። ጋሼ «ሦስት ናቸው፤ ትናንትም ሦስቱም ነበሩ» አሉኝ። እኔ ለሞተችው ምንም ማድረግ አልችልም። ለነዚህ ለሦስቱ ግን እንችላለን።